በግና ሰንጋ ማድለብ የት እንማር? የጠየቅሁትና የተመለሰልኝ

ከሁለት ወር በፊት እዚህ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጥዬ ነበር። የጥያቄና መልሱ ክር ረዝሞ 21 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉን ለማንበብ እንዳይቸገር፣ ማን ምን እንደጻፈ በራሴ አነጋገር በየተራው ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ጥያቄዬ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ዳር ነው። አምና 12 ጠቦት ገዝቼ ለፋሲካ አደርሳለሁ ብዬ ማድለብ ጀመርኩ። ከዚያ በፊት የሦስት ቀን ስልጠና ወስጃለሁ። አዳራሽ ተቀምጠን ግድግዳ ላይ የሚበራ ጽሑፍ ስናይ ከረምን፤ ጽሑፉ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። በሦስቱም ቀን አንድ በግ በእጄ አልነካሁም። ጠቦቶቹ በገቡ በስድስተኛው ቀን ቶሎ ይወፍሩ ብዬ ስንዴና ገብስ ከፉርሽካ ጋር ደባልቄ እስኪጠግቡ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ጠዋት ሦስቱ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ጥርሳቸውን እያፋጩ ተኝተው አገኘኋቸው። ሁለቱ ቀትር ሳይደርስ ሞቱ፤ ሦስተኛውም ማታውን ሞተ። ስለዚህ የጠየቅሁት ይህን ነበር፦ በግ ወይም ከብት የሚያደልብ ሰው በአማርኛ፣ በተግባር፣ እጁን አስገብቶ የሚማርበት ምን አለ? መጽሐፍም ይሁን ቪዲዮ፣ ስልክም ይሁን ሰው።

መልስ 1 የመጣው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ነው። ሰላምታው ረዥም ነው፤ ለሞቱብኝ ጠቦቶችም ከልቡ አዝኖልኛል። እሱ በግ ማየት የተማረው በአውራ በግ መረጣ ቀን መሆኑን ጻፈልኝ። መንዝ ውስጥ ከ2009 እ.ኤ.አ. አንስቶ ገበሬዎች ተደራጅተው የራሳቸውን በግ የሚያሻሽሉበት ሥራ አለ። ኢካርዳና ኢልሪ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ተቋማትና የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት ጋር የጀመሩት ነው፤ ቦንጋ፣ ሆሮና አፋርም አብረው ተይዘው ነበር። ግልገሉ ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ ሲወለድ፣ ጡት ሲጥልና ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል። ከዚያ ጠቦቶቹ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። መዝገቡ መጀመሪያ ያጣራቸዋል፤ ከተጣሩት ውስጥ ደግሞ ከገበሬዎቹ የተመረጡ ሰዎች ቁመናውን፣ ላቱን፣ ቀንዱንና መልኩን እያዩ ደረጃ ያወጡላቸዋል። ያልተመረጠው ወይ ይኮላሻል ወይ ይሸጣል። ትምህርቱ ያለው፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ ጠቦት ላይ ሲከራከሩ አጠገባቸው ቆሞ በመስማት እንደሆነ ነግሮኝ፣ መረጣ ሲደርስ መጥቼ እንድቆም ጋብዞኛል።

መልስ 2 ከእንስሳት ሐኪም እህት ነው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ትልቁ። ጠቦቶቼን የገደላቸው በሽታ ሳይሆን እህሉ መሆኑን በቀጥታ ነገረችኝ። በበግ ጨጓራ ውስጥ ሣርና ጭድ የሚያብላሉ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። እህል በድንገት ሲበዛ አሲድ የሚያመነጩት ይበረክታሉ፤ ጨጓራው ይኮመጥጣል፣ አሲዱ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ የእህሉና የፉርሽካው መኖ ለአንድ በግ በቀን በ100 ግራም ተጀምሮ በየሁለት ሦስት ቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ 300 ወይም 400 ግራም መድረስ አለበት። ጠዋትና ማታ ተከፍሎ፣ ሁልጊዜም ድርቆሽ ከቀመሱ በኋላ። ሚዛን ለሌለው ሰው ደግሞ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይዞ ወደ መኖ ሱቅ መሄድ፣ ጣሳውን ፉርሽካ ሞልቶ አንዴ ማስመዘንና ግራሙን በምስማር ጣሳው ላይ መጫር እንደሚበቃ መከረች። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጣሳው ዛሬም በረቱ በር ላይ ተሰቅሏል።

መልስ 3 ላይ ድምፁ ተለወጠ። አንድ ሰው ከኢንተርኔት በፊት ቀበሌዬን መጠየቅ እንደነበረብኝ ገሠጸኝ። በአብዛኛው ቀበሌ የገበሬ ማሰልጠኛ ማዕከል እንዳለ፣ ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት፣ መመደቡን አስታወሰኝ። ነገሩ እውነት ነው። አነጋገሩ ግን ሦስት በግ ለሞተበት ሰው ትንሽ ከበደኝ።

መልስ 4 ለ3ኛው የተሰጠ ነው፣ የበለጠ የመረረ። እሱ ቀበሌ ያለው ማዕከል በሩ ላይ ቁልፍ የተንጠለጠለበት፣ ለመኖ ልማት ተብሎ የታጠረው መሬትም ስንዴ የተዘራበት መሆኑን ገለጸ። ሠራተኞቹም ከማዳበሪያ ሥርጭትና ከስብሰባ ጊዜ እንደማይተርፋቸው ጨመረ።

መልስ 5 ራሱ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ የመለሰውም አዝኖ ነው። ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው በእግሩ ሁለት ሰዓት እንደሚሄድ፣ ሞተር እንደሌለው፣ ማዕከሉ የተቆለፈው ሰው ስለሌለበት ሳይሆን ሰው ሁሉ እሱ ያለበት ቦታ ስለማይመጣ መሆኑን አስረዳ። አሁን እሱ የሚሠራው፣ በግ ማድለብ የተሳካላትን አንዲት እናት ቤት ጎረቤቶቿን ሰብስቦ እሷ ራሷ እንድታሳይ ማድረግ ነው። እሱ የተናገረውን የሚረሱ ሰዎች እሷ ያሳየችውን እንደማይረሱ ጽፏል። 4ኛው ሰው በኋላ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

6 እና 7 ስለ 8028 የእርሻ ምክር የስልክ መስመር ነው። አንዱ ነጻ መሆኑን፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ገበሬው ደውሎ የሚሰማበት መሆኑን አነሳ። ሁለተኛው መስመሩን እንደሚወደው፣ ስለ ጤፍና ስለ ስንዴ ብዙ እንዳገኘበት፣ ስለ በግ ግን የፈለገውን ያህል እንዳላገኘ መለሰ። ቁጥር እየተጫኑ የተቀዳ ድምፅ መስማት ሰው እንደመጠየቅ አይሆንም፤ በዚህ እኔም እስማማለሁ።

መልስ 8 ላይ የመጽሐፍ ነገር ተነሣ። በ2008 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ በግና ፍየል ምርታማነት ማሻሻያ ፕሮግራም ያወጣው ዳጎስ ያለ መመሪያ አለ፤ ስለ ዝርያ፣ ስለ መኖ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቤት አሠራር በአገራችን ሁኔታ የተጻፈ። ጸሐፊው ከዚህ የተሻለ እንዳላየ፣ ችግሩ እንግሊዝኛ መሆኑ ብቻ እንደሆነ ነገረን። ስለዚህ እሱ ምን አደረገ? ለጎረቤቱ ብሎ የመኖውን ክፍል በደብተር ወደ አማርኛ መለሰው። ገጾቹን ፎቶ አንሥቶ ለጥፎልናል። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፤ ኅዳጉ ላይ ጎረቤቱ በእርሳስ የጨመረው አለ። መጽሐፉ ስለ ኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ ስለሚቀረው) በሚናገርበት ቦታ ጎረቤትየው ሻጋታ የነካውን ፋጉሎ በማሽተት እንዴት እንደሚለይ ጽፏል። ይህን ደብተር አሳትሞ ለየቀበሌው የሚያድል ቢገኝ እኔ በበኩሌ ከጎኑ እቆማለሁ።

መልስ 9 አርባ ዓመት በግ የነገዱ አባት ናቸው። የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው ነው የመለሱት፤ ከዚያ በኋላ ክሩ ላይ ሁሉም ሰው አባባ እያለ ነው የጠራቸው። ትምህርቱ ከመኖው በፊት ከግዢው መጀመር እንዳለበት አስተማሩን።

ገበያ በጠዋት መሄድ እንደሚገባ ነገሩን፤ አንዳንድ ነጋዴ ጨው አልሶ ውሃ ያጠጣና ቀትር ላይ የሞላ ሆድ ይሸጣልና። ቀጥሎ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ማየት። የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም፤ አጥንቱ ገና ያድጋል። ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያወጣው ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ነው፤ ለማድለብ እሳቸው የሚመርጡት እሱን ነው። አፉ የሞላው ሦስት ዓመት አልፎታል። ከዚያ እጅን ከጎድኑ ጀርባ፣ ወገቡ ላይ ማሳረፍ፤ ጸጉሩ ያታልላልና ዓይን አይታመንም። አጥንቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ጣት ላይ ከተሰማ ከስቷል። ሆኖም የከሳ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ረሃብ ያከሳውን መግዛት፣ በሽታ ያከሳውን መተው ነው። መለያው ከአገጩ ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት መኖሩ፣ ላቱና ጭኑ በተቅማጥ መበላሸቱ፣ አፍንጫው መዝረክረኩ ነው። በመጨረሻም መንጋውን ትንሽ ዳገት ማስሮጥና ጆሮ ጥሎ ማን እንደሚያስል ማድመጥ። የሚያስለውን በነጻ ቢሰጡኝ አልወስድም ብለዋል አባባ።

መልስ 10 ሐኪሟ ናት፤ ደስታዋ ይሰማል። አባባ በእጃቸው የገለጹት ከ1 እስከ 5 በሚሰጥ ነጥብ እሷም ትምህርት ቤት የተማረችው መሆኑን፣ እንደ መጋዝ የሚሰማው 1፣ አጥንቱ ለስልሶ በጫን ሲሉት የሚገኘው 3፣ ጨርሶ የማይገኘው 5 እንደሆነ አስረዳች። የአገጩ እብጠት ደግሞ ብዙ ጊዜ የጉበት ትል ወይም ደም የሚመጥ የጨጓራ ትል ምልክት ነው። የዓይኑን የታችኛ ሽፋን ገልጦ ማየትንም ጨመረችልን፤ ቀይ ከሆነ ደህና፣ ነጭ ከሆነ ደሙ አልቋል። በተለይ ረግረግ ዳር የሚግጥ በግ ካለ ይህን በየወሩ ማየት ይገባል።

11 ስለ ዩሪያ ጭድ፣ ማለትም በዩሪያ ማዳበሪያ አለስልሰው ለመኖ ስለሚያደርጉት ጭድ ነው፤ ጭቅጭቁ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወጣት አሠራሩን አሳጥሮ ጻፈ፦ 100 ኪሎ ጭድ፣ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ተሟሙቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ ንብርብሩ እየተረጨና እየተረገጠ፣ በፕላስቲክ ታፍኖ 21 ቀን። ሌላ ምንም አላለም። 12ኛው መልስ ዩሪያ ለእርሻ እንጂ ለሆድ እንዳልተሠራ፣ ይህ ሰው እንስሳችንን ሊፈጅ እንደሆነ በኃይለ ቃል መለሰ። 13 ደግሞ 12ኛውን ያልተማረ አድርጎ ተናገረው። እዚህ ላይ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ፤ ያልተማረ መባል ያለበት ሰው በዚህ ክር ላይ የለም።

መልስ 14 ላይ ሐኪሟ ተመለሰች፤ ቆጣ ብላለች፣ የተቆጣችው ግን በመጀመሪያው ወጣት ላይ ነው። ልኩ ትክክል መሆኑን፣ የሠራለት ገበሬም ብዙ መሆኑን፣ ነገር ግን ማስጠንቀቂያውን የቆረጠ መመሪያ ግማሽ መመሪያ መሆኑን አስረግጣ ጻፈች። የተሟሟው ውሃ እንስሳ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ የጠማው በሬ ባልዲውን አግኝቶ ከጠጣ በሰዓታት ውስጥ ይወድቃል። ውሃው ሲረጭ እኩል ይዳረስ፣ ዩሪያው ሳይሟሟ ከረጢቱ ሥር አይቅር። ጉድጓዱ ሲከፈት የዕለቱን ብቻ አውጥቶ ሽታው እስኪወጣ ሌሊቱን ማናፈስ ነው። ስድስት ወር ላልሞላው ጥጃና ለግልገል አይሰጥም። አንድ ቤት ሁለት የእርሻ በሬዎች አንድ ሌሊት ወድቀው ማየቷን ነገረችን። ወጣቱ አመስግኖ ጽሑፉን አስተካከለ።

ከዚያ ክሩ ወደ ገበያ ወጣ። 15 ስለ ፉርሽካና ፋጉሎ ዋጋ ምሬት ነው፤ እሱን ከልክ በላይ አላስረዝመውም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሱ ውስጥ የሚጠቅመው፣ ለፋሲካ የሚያደርስ ሰው 90 ቀን ቆጥሮ ጥር ላይ መግዛት እንዳለበት፣ ደብረ ብርሃን ላለን ደግሞ የቢራ አተላ ርካሽ መሆኑ ነው፤ ግን ትኩሱን በሁለት ሦስት ቀን ካልጨረሱት ይበላሻል። ሌላው፣ ደጋ ላይ ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ በአጥር ዙሪያ ቢተከል ፋጉሎውን እንደሚያቀል የተነሣው ነው።

16 አዳማ ላይ ሰንጋና ኮርማ የሚያደልብ ሰው ነው። የቦረና ወይፈን ገዝቶ ሦስት አራት ወር በጤፍ ጭድ፣ በፉርሽካ፣ በኑግ ፋጉሎና በሞላሰስ (በስኳር ተረፈ ምርት) ይዞ ወደ ዐረብ አገር ለሚልኩ ነጋዴዎች እንደሚያስረክብ ገልጾ፣ ከብት ማድለብ ካፒታል ላለው ሰው እንጂ ለገበሬ እንዳልሆነ ደመደመ። 17 ምሥራቅ ሐረርጌ ተወላጅ ናት፤ በትሕትና ግን ሳታወላዳ አረመችው። አባቷ አንድ በሬ ገዝቶ፣ አርሶበት፣ ከዚያ ደጃፍ ላይ አስሮ አደልቦ በመሸጥ ልጆቹን እንዳስተማረ ተረከችልን። ማሽላውና በቆሎው ሆን ተብሎ ጥቅጥቅ ብሎ ይዘራል፤ ሲያድግ የሚነቀለው መሳሳቻ፣ በኋላም ቅጠሉ፣ ለበሬው በእጅ ይጎረሳል። እሷ የአምስት ዓመት ልጅ ሆና አገዳውን እየቆራረጠች ስታጎርስ በሬው ምላሱን እጇ ላይ ሲጠቀልል ዛሬም ይሰማታል። ማንም አላሠለጠናቸውም፤ ስልጠናው ደጃፉ ነበር። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

መልስ 18 ከሩቅ ነው፤ ኒውዚላንድ በግ እርባታ ላይ የሚሠራ የአገራችን ልጅ። እዚያ ገበሬዎቹ ለእርድ ከሚያቀርቡት ከየአንዳንዱ በግና ከብት ትንሽ እየተቆረጠባቸው ቢፍ ኤንድ ላም ኒውዚላንድ የሚባለውን የራሳቸውን ድርጅት እንደሚያቆሙ፣ ድርጅቱም በነጻ የሚነበብና የሚደመጥ ትምህርት እንደሚያወጣላቸው አስረዳ። እሱን የገረመው ግን ወረቀቱ አይደለም። ገበሬዎቹ ተራ ይዘው በአንዱ እርሻ ይሰበሰባሉ፤ ባለቤቱ ያጠፋውንም ያተረፈውንም ሳይደብቅ ይናገራል፤ ሁሉም እየገቡ የበጎቹን ወገብ በእጃቸው ይዳስሳሉ። ልክ አባባ እንዳሉት።

19 ይህን ሲያነብ ተቆጣ። እነሱ አጥርና ሰፊ መስክ እንዳላቸው፣ እኛ ደግሞ ለግጦሽ የቀረን ገደል ብቻ እንደሆነ፣ የእነሱ ነገር ለእኛ ምንም እንደማይሠራ ጻፈ። ቁጣው ይገባኛል። ሣራቸውን ማምጣት አንችልም። ተራ ይዞ መሰብሰብን ግን ከማንም መዋስ የለብንም፤ 20ኛው መልስ ያነሣውም ይህንኑ ነው። የአንጎለላ ሴት ናት። ማኅበር በየወሩ በየቤቱ እየዞረ እንደሚጠጣ፣ ደቦና ወንፈልም ሰው በሰው ማሳ የሚገባበት እንደሆነ አስታውሳ፣ ጠላው ከመቀዳቱ በፊት ግማሽ ሰዓት በረት ገብቶ በግ ማየት ምን ይከብዳል ስትል ጠየቀች። ለመጀመሪያውም ቤቷን ሰጠች።

ከደብረ ብርሃንና ከአካባቢው ስምንት ሆነን ባለፈው እሑድ ሄድን። ሐኪሟም መጣች። ቀኑን የመረጥነው የባለቤቲቱ ዩሪያ ጭድ 21 ቀን የሚሞላበት ስለነበር ነው። ፕላስቲኩ ሲገለጥ ሽታው ዓይን አቃጠለ፤ ሁላችንም ወደ ኋላ አፈገፈግን። ቢጫ ሆኖ የገባው የገብስ ጭድ ወደ ቡናማ ተለውጧል። በእጄ ስጨብጠው እንደ ድሮው አይወጋም፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይታጠፋል። አንድ ጥግ ላይ አየር ገብቶ ነጭ ሻጋታ ይዞ ነበር፤ ሐኪሟ ያንን ለይታ አስጣለችው። የዕለቱን አውጥተን ሳር ቤቱ ሥር ዘረጋነው። ባለቤቲቱ በማግስቱ ደውላ፣ በጎቹ ጠዋት አሽትተው እንደተዉት፣ ጥቂት ፉርሽካ ስትነሰንስበት ግን ቀትር ላይ እንደጨረሱት ነገረችኝ።

በዚያው ዕለት ስምንታችንም ተራ በተራ አንዲት እናት በግ ወገብ ዳሰስን፤ ነጥቡንም ሳንነጋገር በየወረቀታችን ጻፍን። አምስታችን 2፣ ሁለታችን 3፣ አንዱ 4 ሰጠ። 4 የሰጠው ጸጉሩን አልፎ ጣቱን አላስገባም ነበር። ሐኪሟ እጁን ይዛ አስገባችለት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

መልስ 21 ትናንት የመጣ ነው፤ ከመንዙ ሰው። አንዲት በጉ ራሷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ክብ እየሠራች እንደምትዞር ጠየቀ። አባባ አዙሪት መሆኑን ወዲያው ለዩት፤ ሐኪሟ ደግሞ መነሻውን ጨመረች። አዙሪት ያለባት በግ ታርዳ ጭንቅላቷ ለውሻ ሲጣል፣ አንጎሏ ውስጥ ያለው ውሃ የቋጠረ እጭ ውሻው ሆድ ውስጥ ኮሶ ይሆናል፤ የኮሶው እንቁላል ከውሻው ኩስ ጋር ሣሩ ላይ ወድቆ ሌላ በግ ይበላዋል። ስለዚህ ጭንቅላቱ ይቀበር ወይም ይቃጠል፣ ውሻውም የኮሶ መድኃኒት ይጠጣ ነው ምክሩ። እኔ በየበዓሉ የታረደውን በግ ጭንቅላት ለውሻዬ ስሰጥ ነው የኖርኩት። ዛሬ ጠዋት ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የኮሶ መድኃኒት ገዝቼ በሥጋ ቁራጭ ጠቅልዬ ሰጥቼዋለሁ። የሚቀጥለው እሑድ ተራ የእኔ ቤት ነው፤ መምጣት የምትፈልጉ ከሥር ጻፉልኝ።